ኤሲ ለደጋ ቤት፦ ዕቃው፣ ሥራው፣ ሙሉ ወጪው

ከደብረ ብርሃን ማለዳ ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላው ጋቢውን አጥፎ ከጎኑ ያስቀምጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር አትዘልም። አየር በየ1,000 ሜትር ከፍታው በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከፍታው ብቻ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ10 ዲግሪ ያህል ልዩነት ያመጣል። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚወርድ ሰውም ይህንኑ በእግሩ ይለካዋል።

ስለዚህ በአንዱ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከታች ያለው ቤት መቀዝቀዝን ይፈልጋል፤ ከላይ ያለው መሞቅን። ሰው በተለምዶ «ኤሲ የቆላ ዕቃ ነው» ይላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ገበያ ላይ ካሉት ኤሲዎች ብዙዎቹ ከማቀዝቀዝ ሌላ ያሞቃሉ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ለሚሠራ ወይም ለሚያድስ ሰው ሊታወቅ የሚገባውም ይኸው ጎናቸው ነው።

ሥራው

የዘመናዊው ኤሲ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ በኒው ዮርክ ብሩክሊን የሚገኝ ማተሚያ ቤት በአየሩ እርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እየተለጠጠና እየተኮማተረ የቀለም ኅትመቱ ስለተበላሸበት፣ የአየሩን እርጥበትና ሙቀት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነደፈለት። መሣሪያው የታሰበው ለወረቀቱ ነበር፤ የሰው ምቾት ኋላ መጣ።

ለመኖሪያ ቤት የሚገጠመው ኤሲ ሁለት አካል አለው። አንዱ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሌላው ውጭ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚያገናኟቸው የመዳብ ቱቦዎች ውስጥ በቀላሉ የሚተንና መልሶ ፈሳሽ የሚሆን ጋዝ ይዞራል። ጋዙ ሲተን ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል፤ ውጭ ያለው ኮምፕሬሰር ጨምቆ ወደ ፈሳሽነት ሲመልሰው የወሰደውን ሙቀት ይለቃል። ለማቀዝቀዝ ሲሠራ ሙቀቱን ከክፍሉ ወስዶ ውጭ ያራግፋል። ለማሞቅ ሲሠራ ደግሞ አንድ ቫልቭ የጋዙን መንገድ ይገለብጠውና ሙቀቱን ከውጭ አየር ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ለእኛ ብርድ የሚመስለን የ5 ዲግሪ አየር እንኳ ሊለቀም የሚችል ሙቀት አለው፤ የውሃ ፓምፕ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እንደሚስብ፣ ኤሲውም ሙቀትን ከዝቅተኛው ቦታ ወደ ከፍተኛው ይስባል።

ወጪው ላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ አሠራር ነው። ተራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከቆጣሪ የሳበውን ኃይል ብቻ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ኤሲው ግን በ1 ኪሎ ዋት ኃይል ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ዋት የሚደርስ ሙቀት ያስገባል። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በምሽት አምስት ሰዓት ቢሠራ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 300 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ያንኑ ሙቀት ኤሲ ቢያመጣው ወርኃዊው ፍጆታ ከ100 እስከ 120 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ስለሚል ቁጠባው በእጥፍ ይሰማል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ መወሰኑም የሚዘነጋ አይደለም።

ደጋው የሚጠይቀው

የኤሲ አቅም የሚነገረው በቢቲዩ ነው፦ 9,000፣ 12,000፣ 18,000፣ 24,000። ባለ 12,000 የሚባለው 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ያመላልሳል። ለ16 ካሬ ሜትር መኝታ ቤት 9,000 አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ለሰፋ ያለ ሳሎን 12,000 ወይም 18,000 ያስፈልጋል።

ደብረ ብርሃን ላይ ግን ሁለት ነገር ይጨመርበታል። አንደኛው ከፍታው ነው። የከተማዋ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ የኤሲው ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው አየር በክብደቱ ያነሰ ነው፤ አቅሙም ይቀንሳል። ሁለተኛው ውርጩ ነው። የማሞቅ አቅም ካርቶን ላይ የሚጻፈው ውጭው 7 ዲግሪ ሆኖ በተለካበት መስፈርት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት የከተማዋ ሙቀት ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ዜሮን የሚነካበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ውጭ ባለው አካል ላይ በረዶ ይጋገራል። ኤሲው በረዶውን ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ ሥራውን ገልብጦ ሙቅ አየር ማውጣቱን ያቆማል። ይህ ብልሽት ስላልሆነ ጠጋኝ መጥራት አያስፈልግም። የሚቀልጠው ውሃ እንዲፈስ ግን የውጩ አካል ከመሬት ከፍ ብሎ በብረት መደገፊያ ላይ መቀመጥ አለበት።

ሙሉ ወጪው

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ስለዚህ ለገዢ የሚጠቅመው የዛሬን ዋጋ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ወጪው የሚከፈልባቸውን ክፍሎች ለይቶ እያንዳንዱን መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ዕቃው ራሱ ነው። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ኮምፕሬሰሩን እንደ ፍላጎቱ ያፈጥናል፣ ያዘገያል። ሲገዛ ይወደዳል፣ ሲሠራ ግን ይቆጥባል። በየምሽቱ ለሚጠቀም ሰው ይህ ይሻላል።

ሁለተኛው መግጠሚያው ነው፦ የመዳብ ቱቦ፣ የቱቦው ሽፋን፣ የውሃ ማፍሰሻ፣ መደገፊያ ብረት። ሻጮች ከዕቃው ጋር የሚሰጡት ቱቦ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ ተጨማሪው በሜትር ይከፈላል። ሁለቱ አካላት በተቀራረቡ ቁጥር ወጪው ይቀንሳል።

ሦስተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ኤሲ ከማከፋፈያው የሚነሣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ የመሬት መስመር ይፈልጋል። ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ኮምፕሬሰሩን የሚጠብቅ ስታቢላይዘር ይጨመራል።

አራተኛው የባለሙያው ዋጋ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ መብሳት ብሎኬት ከመብሳት ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ቱቦው ከተገጠመ በኋላ በውስጡ የቀረው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ መውጣት አለበት። ይህን ዘሎ ጋዝ የሚለቅ ገጣሚ ዋጋው ቢረክስም የኮምፕሬሰሩን ዕድሜ ያሳጥራል።

አምስተኛው እንክብካቤው ነው። ማጣሪያውን በየጥቂት ሳምንቱ ማጠብ ማንም ይችላል። ጋዝ ግን እንደ ነዳጅ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ስለሆነ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። «በየዓመቱ ጋዝ ይሞላል» የሚል ሰው ካጋጠመ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቦታ እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል።

ከኤሲ በፊት ቤቱ

የቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ቤት ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው ወደ ላይ ነው። ኮርኒስ የሌለው ወይም ኮርኒሱ የተቀዳደደ ቤት ውስጥ የሚገጠም ኤሲ የሚያሞቀው ቆርቆሮውን ነው። በርና መስኮት ሥር ያለውን ክፍተት መድፈን፣ ኮርኒሱን ማጠባበቅ፣ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚይዝ ነገር ማንጠፍ ከኤሲው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የሚያስፈልገውንም ኤሲ በአንድ ደረጃ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ የሚሆን ሀብት ደጁ ላይ አለው። የመንዝ በግ ጸጉር ለዘመናት ባና እየሆነ ደገኛውን ሲያሞቅ ኖሯል፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋምም የአካባቢው በግና ብርድ ሁለቱም የሚታወቁ ነበሩ። በአውሮፓና በኒውዚላንድ ለልብስ የማይሆን ሻካራ የበግ ጸጉር ታጥቦ፣ ብል እንዳይበላው መድኃኒት ተደርጎበት ለጣሪያ ሽፋን ይሸጣል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የከተማዋ ባለፋብሪካዎች ይህን በመንዝ ጸጉር ቢሞክሩት ለአርቢውም ለቤቱም ይጠቅማል።

ከዋጋ በላይ የሆነ አንድ ነገር አለ። በብርድ ወራት በርና መስኮት ተዘግቶ የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት ውስጥ ይገባል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ኦክስጅን በሚያንስበት ከፍታ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። የከሰል ማንደጃውን ዛሬ ማታ ከመኝታ ቤት ያውጡ። ቀጥሎ ኮርኒሱን፣ በሩንና መስኮቱን ያጠባብቁ። ከዚያ ወዲያ ኤሲ ለመግዛት አቅሙ ካለዎት፣ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ያሞቃል ወይስ ያቀዘቅዛል ብቻ? ውጭው ዜሮ ዲግሪ ሲሆን በዚህ ከፍታ ምን ያህል ሙቀት ይሰጣል? የነገሩኝ ዋጋ ቱቦውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና የቫኪዩም ሥራውን ይጨምራል? ለሦስቱም ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው ሻጭ አይግዙ።