ድራፍቲንግ ተምረሽ በጂዛን ላለሽ እህት

ውድ እህቶቻችን፣ ከመካከላችሁ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ድራፍቲንግ ተምራችሁ፣ ሥራ ስላጣችሁ ወይም ደመወዙ ቤተሰብ ስላላኖረ ወደ ጂዛን የተሻገራችሁ አላችሁ። መክሊታችሁን ቀበራችሁ ብለን አንወቅሳችሁም፤ ያስቀበራችሁ ችግር ነው። በአቡ አሪሽ፣ በሳምጣ ወይም በሰብያ የሰው ቤት እያጸዳችሁ ዓመታት ሲያልፉ ግን «ከእንግዲህ በሙያዬ ማን ይቀጥረኛል?» ማለታችሁ አይቀርም።

ሙያው ተለውጧል። በቲ-ስኩዌርና በእርሳስ ይሠራ የነበረው ወደ አውቶካድ ከዞረ ቆይቷል። አርኪካድና ሬቪት ደግሞ ከአንድ ሞዴል ፕላኑንም ሴክሽኑንም ያወጣሉ። ሆኖም ሴክሽን ምን እንደሚያሳይ ለማያውቅ ሰው ፕሮግራሙ ምንም አይረዳውም። እናንተ ይህን ተምራችሁታል።

እጃችሁ እንዳይረሳ ደብተርና ማስመሪያ ይበቃል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል በ1፡50 ሲነደፍ 8 በ10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከዚህ ጀምሩ። የምትነድፉት ግን የወላጆቻችሁን ቤት ይሁን፤ የአሠሪዎቻችሁን ቤት በፍጹም አትንደፉ። በሠራተኛ ደብተር ውስጥ የቤታቸውን ፕላን ያገኘ ሰው ሌላ ነገር ያስባል፤ በድንበር ከተማ ደግሞ መንደፍም ፎቶ ማንሳትም ከባድ ጣጣ ያመጣል። በዓይን ማጥናት ግን ትችላላችሁ። መጅሊሱ ለምን የራሱ በር ኖረው? የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ለምን ጥግ ላይ ይተኛል? በየቀኑ ውሃ የምትገፋ ሴት ስለ ወለል ተዳፋት ከብዙ ንድፍ ሠሪዎች የበለጠ ታውቃለች። በቲሃማ «ዑሻ» የሚባለውን የድሮ የሣር ቤት ያያችሁም ከጎጇችን ጋር አስተያዩት።

አገር ስትገቡ ከሀ መጀመር ግዴታ አይደለም። የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ለተማረ ክፍት ነው፤ ፈተናው በጽሑፍና በተግባር ነው። የ10+1፣ የ10+2 ወይም የ10+3 ማስረጃ ያላችሁ፣ በአሁኑ አሠራር ከየትኛው ደረጃ መመዘን እንደምትችሉ ኮሌጁን ጠይቁ። ከዚያ በፊት የኮምፒውተር ንድፍ ኮርስ መውሰድ ያሻል። ለወንድም ባጃጅ፣ ለቤት ቆርቆሮ ስትልኩ የኮርሱና የኮምፒውተሩ ገንዘብ ቀድሞ ለብቻው ይቀመጥ፤ ቤተሰብ እያወቀ ቢሆን ይሻላል።

ማስረጃችሁንም አስቡ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ብዙዎች ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም አልያዙም ነበር። ዋናው ዲፕሎማ እጃችሁ ላይ ካለ በታመነ ሰው ወደ አገር ላኩት። ፎቶውም በእናንተ ስልክ ብቻ አይቅር፣ ስልክ ይወሰዳልና፤ እናታችሁ ወይም እህታችሁ ዘንድም ይኑር።