ማን ነው የገመተው?

ባለፈው ዓመት ውጭ አገር ላለ አንድ ድርጅት አጫጭር ጽሑፎች እሠራ ነበር። ሥራውን አስረክቤ፣ ኢንቮይስ ልኬ፣ አምስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ ብር የለም። አንድ ማታ ትዕግሥቴ አለቀና በስልኬ ኢሜይል ጻፍኩ። «ምናልባት ክፍያዬን ረስታችሁት ይሆናል» ነበር ማለት የፈለግኩት። ከማውቃቸው የእንግሊዝኛ ግሶች መሐል ግን ከበድ ያለውን፣ የተማረ የሚያስመስለውን መረጥኩ፦ ፕሪዚዩም። በእኛ አነጋገር «ረስታችሁታል ብዬ ፕሪዚዩም አደርጋለሁ» እንደማለት ነው።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። ሁለት መስመር ብቻ። ክፍያው በሂደት ላይ እንደሆነ ይገልጽና፣ ስለ አሠራራቸው ከመገመቴ በፊት ብጠይቅ ይሻል እንደነበር ይነግረኛል። ገንዘቡ በሳምንቱ ገባ። ሌላ ሥራ ግን ከዚያ ወዲህ አልላኩልኝም። በአንዲት ግስ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም። ኢሜይሌን ደግሜ ሳነበው ግን ጥያቄ ሳይሆን ክስ ይመስል ነበር።

ነገሩ የከነከነኝ ለምን መሰላችሁ? እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። ኢኮኖሚክስ ደግሞ በግምት ግሶች የተሠራ ትምህርት ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝኛ እያነበብን፣ በእንግሊዝኛ እየተፈተንን፣ አሲዩም፣ ፕሪዚዩም፣ ሰፖዝ የሚሉትን ሦስት ግሶች አንድ ቅርጫት ውስጥ ከተን «መገመት» ብለን አለፍናቸው። እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ግን፣ በተለይ መደበኛ ጽሑፍ ላይ፣ አያቀላቅሏቸውም።

ሥራቸውን ካየን ልዩነቱ ቶሎ ይገባል። ሦስቱም ከላቲን የመጡ ናቸው። አሲዩም «ወደ ራስ መውሰድ» ነው። ለዚህ ነው ኃላፊነት መረከብንና ሥልጣን መያዝንም በዚሁ ግስ የሚገልጹት። ፕሪዚዩም «አስቀድሞ መውሰድ» ነው። ሰፖዝ ደግሞ «ከሥር ማስቀመጥ»፤ ሐሳብ የሚቆምበትን ነገር መደልደል እንደማለት።

አሲዩም ያለ ጸሐፊ ማስረጃ አለኝ እያለ አይደለም። ሥራው እንዲቀጥል አንድ ነገር በራሱ ኃላፊነት ተቀብሏል። መማሪያ መጽሐፋችን ሸማቹ ሙሉ መረጃ አለው ብሎ አሲዩም ሲያደርግ፣ መርካቶ ወርዶ ጫማ የገዛ ሁሉ ነገሩ ውሸት እንደሆነ ያውቃል። ደራሲውም ያውቃል። ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ዝነኛ ድርሰት፣ ንድፈ ሐሳብ መመዘን ያለበት መነሻ ግምቱ እውነታን በመምሰሉ ሳይሆን ትንበያው በመስመሩ ነው ብሎ እስከመከራከር ሄዷል። በኢኮኖሚስቶች ላይ የሚቀለደውም በዚሁ ነው። ሦስት ምሁራን ባዶ ደሴት ላይ ከአንድ የታሸገ ምግብ ጋር ይቀራሉ። ፊዚሲስቱ በድንጋይ እንምታው፣ ኬሚስቱ እሳት ላይ እናድርገው ይላሉ። ኢኮኖሚስቱ ግን ረጋ ብሎ፦ «መክፈቻ አለን ብለን አሲዩም እናድርግ!»

ፕሪዚዩም ሌላ ነው። ይህን ግስ የሚጠቀም ሰው ለግምቱ በቂ ምክንያት አለኝ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስም በዚህ እጸናለሁ ማለቱ ነው። ጋዜጠኛው ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1871 ጠፋ የተባለውን ሊቪንግስተንን ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ኡጂጂ ላይ ሲያገኘው፣ ሰላምታ ሰጠሁበት ያለው ግስ ይኸው ነው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ሕግም ይህን ግስ ይወደዋል። በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ መሠረት፣ አንድ ሰው ቢያንስ ሰባት ዓመት በሕይወት ስለመኖሩ ካልተሰማ ፍርድ ቤት እንደሞተ ሊቆጥረው ይችላል። በሕጉ ስም ላይ ያለው ቃል ፕሪዚዩም ከሚለው የወጣ ነው።

የራሳችንን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ብታዩም ታገኙታላችሁ። የእንግሊዝኛው ቅጂ የተከሰሰ ሰው ንጹሕ እንደሆነ ፕሪዚዩም ይደረጋል ሲል፣ አማርኛው «እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር» ይለዋል። እዚህ ቦታ «መገመት» ቢባል ምን ያህል እንደሚቀል አስቡት። አርቃቂዎቹ «መቆጠር» ማለታቸው ደስ ይለኛል። ፍርድ እስኪሰጥ ሁላችንንም የሚያስር ነገር ነውና።

እንግዲህ የኔ ኢሜይል ምን እንዳለ አሁን ይገባችኋል። «የምትረሱ ሰዎች መሆናችሁን ለማመን በቂ ምክንያት አለኝ» ነው ያልኳቸው። ከዚሁ ግስ የወጣው ቅጽል ደግሞ ደፋር፣ ልኩን የማያውቅ ሰው መጠሪያ ነው። በተቃራኒው አሲዩም የማያደርግ፣ ወደ ራሱ የማይወስድ ሰው በእንግሊዝኛ ትሑት ይባላል።

ሰፖዝ ከሁሉም ይቀላል። የእኛ «እንበል» ማለት ነው። የሒሳብ ሊቃውንት አንድ ነገር ሐሰት መሆኑን ለማሳየት መጀመሪያ እውነት ነው እንበል ብለው ይነሱና መጨረሻው ሲጋጭ ይጥሉታል። ግን ተጠንቀቁ፤ ይኸው ግስ ቅጽል ሲሆን ጠባዩ ይለወጣል። አንድ ጸሐፊ ስለ ዋጋ ንረት ሲጽፍ «ፕሪዚዩምድ» ምክንያት ካለ ምክንያቱን ወደ ማመኑ ያዘነብላል። «ሰፖዝድ» ምክንያት ካለ ግን እያሾፈ ነው፤ «ምክንያት ተብዬው» እንደማለት።

የግሱ ባለቤትስ? ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ያስታወቁበት እ.ኤ.አ. የ1953 ጽሑፍ ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥም። እዚያ ላይ ስለ ጥንዶቹ አቀማመጥ ሲናገሩ ፖስቹሌት የሚል ግስ ተጠቅመዋል፤ ለክርክር መሠረት አድርጎ ማቅረብ ነው። ባለቤቱ ደግሞ «እኛ» ነው። ብንሳሳት የምንጠየቀው እኛ ነን ማለት ነው።

ይህ የመመረቂያ ጽሑፌን ያስታውሰኛል። የሰፈር ሱቆችን የቀን ሽያጭ ነበር ያጠናሁት። አንዲት እናት መጠይቄን ዐይተው «ልጄ፣ ለግብር ነው እንዴ?» አሉኝ። ለትምህርት ነው ብዬ ማልኩ። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ሁለት መቶ ብር በለው» አሉ።

በለው! ልብ በሉ፤ ሁለት መቶ ነው አላሉኝም። እኔ ግን ጻፍኩት። የሌሎቹንም እንዲሁ። ከዚያ ምዕራፍ ሦስት ላይ፣ ከሌሎች ጽሑፎች ላይ የለመድኳትን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አስቀመጥኩ፦ መላሾቹ እውነተኛ መረጃ እንደሰጡ ይታሰባል።

አማካሪዬ ዐረፍተ ነገሯን በቀይ ከበቧትና ጎኗ ላይ በአማርኛ ጻፉ፦ «ማን ነው የገመተው?»

መጀመሪያ የሰዋስው እርማት መስሎኝ ነበር። «ይታሰባል» የሚለውን አጥፍቼ «አሲዩም አደርጋለሁ» ልል ስል ግን እጄ አልታዘዝ አለ። ምክንያቱም አልገመትኩም! ሴትዮዋ እውነቱን እንዳልነገሩኝ በደንብ ዐውቃለሁ። ባለቤት የሌለው ግስ ግን ሳልዋሽ የምዋሽበት መደበቂያ ሆኖልኝ ነበር። ያ «በለው» የተባለ ሁለት መቶ ብር ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ፣ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ ተካፍሎ፣ በአስርዮሽ ነጥብ አጊጦ «ግኝት» ሊባል ነበር።

ተመልሼ ሄድኩ። ስለ ብር መጠየቁን ትቼ በሳምንት ስንት ካርቶን ሳሙና፣ ስንት ካርቶን ብስኩት እንደሚያስመጡ ጠየቅኩ። ይህን ለመናገር የፈራ አልነበረም። ከዚያ ተነስቼ ያሰላሁት ሽያጭ ከመጀመሪያው ራቅ ያለ ሆነ። አሁንም ግምት ነው። ግን «እኔ» ብዬ የፈረምኩበት፣ እስከየት ሊሳሳት እንደሚችልም የጻፍኩበት ግምት ነው።

ዘንድሮ የምትመረቁ ካላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ፋይል ክፈቱና «አሲዩም» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፈልጉት። ባለቤት በሌለው ቁጥር በ«እኔ» ወይም በ«እኛ» ለውጡትና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ካልከበዳችሁ ይቀመጥ። ከከበዳችሁ ግን ችግሩ የእንግሊዝኛችሁ አይደለም፤ ተመልሳችሁ የምትጠይቁት ሰው አለ።

እኔም ክፍያ ሲዘገይብኝ አሁን ሦስቱንም ግሶች እተዋለሁ። «ገንዘቡ አልደረሰኝም፤ መቼ ይላካል?» ብዬ እጠይቃለሁ።