«ሰው ሰራሽ አስተውሎት» ያስተውላልን?

አንድን ሰው «አስተዋይ ነው» ስንል ብዙ ያነበበ ማለታችን አይደለም። ያልተነገረውን የሚረዳ፣ ለቅሶ ቤት ምን እንደማይወራ ማንም ሳያስተምረው የሚያውቅ ማለታችን ነው። ማሽኑን «ሰው ሰራሽ አስተውሎት» ስንለው ታዲያ ገና ያልደረሰበትን ማዕረግ አስቀድመን ሰጥተነዋል።

ማሽን እንዲያስተውል ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ከአንጎል መቅዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ዋረን ማኩሎክና ዋልተር ፒትስ የነርቭ ሕዋስን ሥራ በሒሳብ አስቀመጡት፦ የሚደርሱት ምልክቶች ተደምረው ከተወሰነ መጠን ካለፉ ሕዋሱ ምልክቱን ያስተላልፋል፣ ካላለፉ ዝም ይላል። በ1958 ፍራንክ ሮዘንብላት ከስህተቱ የሚማር ፐርሴፕትሮን የተባለ ሥርዓት አቀረበ። ዛሬ በስልካችን የምንጠይቃቸው ፕሮግራሞች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ሌሎች ደግሞ አንጎልን እንዳለ በኮምፒውተር ለመገንባት ተነሱ። ሔንሪ ማርክራም በ2009 የሰው አንጎል በአሥር ዓመት ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። እሱ ያስጀመረው የአውሮፓ ኅብረት የሰው አንጎል ፕሮጀክት በ2013 ተጀምሮ በ2023 ተዘጋ። ለተመራማሪዎች ጠቃሚ የአንጎል ካርታዎችን ትቷል፤ የሚያስብ አንጎል ግን አልሠራም።

ከዚህ ሁሉ እኛን የሚያስደንቀን የአንዲት ትል ነገር ነው። ሲ. ኤለጋንስ የምትባለው ይህች ትል ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የነርቭ ሕዋሶቿም 302 ብቻ ናቸው። የግንኙነታቸው ካርታ በ1986 ታትሟል። ካርታው ግን የቱ ሕዋስ ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ እንጂ እያንዳንዱ ግንኙነት ምን ያህል እንደሚበረታ አይነግርም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ኑሮዋን በሙሉ በኮምፒውተር መድገም አልተቻለም። የሰው አንጎል ደግሞ 86 ቢሊዮን ያህል አለው።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ «አያችሁ፣ ሩሕ ስለሌለው ነው!» ይላሉ። መቸኮል አያሻም። ነገ ትሏ በኮምፒውተር ብትደገምስ? ኢማናችንን በሳይንቲስቶች አለመቻል ላይ አንሰቅለውም።

የሚያሳስበን ቅርብ ያለው ነው። አንድ ወንድም በንዴት ስለተናገረው የጦላቅ ቃል ስልኩን ጠይቆ ያገኘውን መልስ አሳየን። መልሱ የተስተካከለ ነበር፤ ሆኖም ማሽኑ አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም። ወደ ሸኻችን ሲሄድ ግን ከመልስ በፊት ጥያቄ ጠበቀው፦ ምን ብለህ ነው የተናገርከው? ያን ጊዜ በምን ሁኔታ ላይ ነበርክ? ከዚህ በፊትስ ብለህ ታውቃለህ? ሚስትህ የት ናት?