ኮልት 45 ሰው አይወረውርም

ስለ ኮልት 45 የሚወራው ወሬ ከሽጉጡ ቀድሞ ተኩስ ሜዳ ይደርሳል። አንድ ጥይቱ ያገኘውን ሰው ከመሬት አንስቶ ወደ ኋላ ይወረውራል፣ ክንድ ብቻ ቢነካ እንኳ ባለቤቱን አዙሮ ይዘርራል ይባላል። ይህ ዝና ለመሣሪያው ክብር የሚጨምር ይመስላል፤ እኔ ግን በጣም ይጎዳዋል እላለሁ። ሽጉጡን በሌለው ኃይል የሚያደንቅ ሰው ያለውን ችሎታ ሳያይ ያልፋል፤ ሜዳ ወጥቶ ሲሞክረውም የሚፈትሸው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የዚህን ድንቅ ብረት ትውውቅ ከወሬው መጀመር ይሻላል።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ የሠራው አሜሪካዊው ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ ነው፤ የአሜሪካ ጦር በ1911 እ.ኤ.አ. ተቀብሎ ኤም 1911 አለው፣ በ1985 ቤሬታ እስኪተካው ድረስም ዋና ሽጉጡ አድርጎ ያዘው። ባዶውን 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አፈሙዙ 12.7 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ካዝናው 7 ጥይት ይይዛል፤ የጥይቱ ውፍረት 11.43 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ አውቶማቲክ የሚባለው ምላጩ አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ ተኩሶ፣ ባዶውን ቀለሃ ራሱ አስወጥቶ፣ ቀጣዩን ራሱ ስለሚያጎርስ ነው።

አሁን ወደ ወሬው። የተለመደው የ45 ጥይት 15 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከአፈሙዙ ሲወጣም በሰከንድ 250 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንድ የሚበር ነገር የመታውን ምን ያህል እንደሚገፋ ለማወቅ ክብደቱን በፍጥነቱ ማባዛት፣ ውጤቱንም ለተመታው ነገር ክብደት ማካፈል ብቻ ይበቃል። ሒሳቡን 75 ኪሎ በሚመዝን ሰው ላይ ብንሠራው፣ ጥይቱ ሳያልፍ ገላው ውስጥ ቢቀር እንኳ፣ ሰውዬው የሚያገኘው ፍጥነት በሰከንድ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ቆሞ የሚያወራ ሰው ክብደቱን ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው ሲያዛውር ከዚህ የበለጠ ይንቀሳቀሳል። ለሒሳብ ትዕግሥት የሌለው ደግሞ ተኳሹን ይመልከት። ጥይቱ ወደ ፊት ይዞት የሄደውን ግፊት ያህል ሽጉጡ ወደ ኋላ ተቀብሏል፤ እንዲያውም የባሩዱ ጋዝ አብሮ ወደ ፊት ስለሚወጣ የእጁ ድርሻ ትንሽ ይበልጣል። ዒላማውን የሚወረውር ሽጉጥ ቢኖር ኖሮ ተኳሹን አስቀድሞ በወረወረው ነበር። ተኳሹ ግን በሁለት እግሩ ቆሟል። የደረሰበት፣ አንድ ኪሎ የሚያልፍ ብረት በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ ፍጥነት መዳፉ ላይ መምጣቱ ነው። ርግጫው ይሰማል፣ ክንድ ያነሳል፤ ሰው ግን አይጥልም።

«በውድድር ሜዳ የብረት ዒላማ ሲወድቅ እናያለን» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፣ ይወድቃል። ነገር ግን ያ ዒላማ ጥቂት ኪሎ ብቻ የሚመዝን፣ በጠባብ መቆሚያ ላይ ሆን ተብሎ ለመውደቅ የተዘጋጀ፣ ጥይቱም ከላይ በኩል የሚመታው ነው። አጠገቡ ያለውን፣ በቀጭን እንጨት ላይ የተወጠረውን ወረቀት ተመልከቱ፦ ጥይቱ ክብ ቀዳዳ ትቶበት ያልፋል፣ እንጨቱ ግን ከቆመበት አይነቃነቅም። «የሚመታ ሰውስ አይወድቅም ወይ?» ለሚልም መልሱ ይወድቃል ነው፤ የጣለው ግን የጥይቱ ግፊት አይደለም። አንጎሉ ወይም አከርካሪው ሲመታ ሰውነቱን የሚያዝዘው ነገር ስለሚቋረጥ ባለበት ይዘረራል። ከዚህ ውጭ ያለው ወይ ደም ፈሶት እየቆየ ይወድቃል፣ ወይ ደግሞ ደንግጦ፣ የተመታ ሰው መውደቅ አለበት ብሎ ስለሚያምን ይወድቃል። የእኛም ቋንቋ በዚህ ላይ ነዳጅ ይጨምራል፦ አዳኝ ግዳይ «ይጥላል»፣ ተኳሽ ጠላቱን «ይዘርራል» እንላለን። ለፉከራ የሚያምር ቃል ነው፤ ለሜካኒክስ ግን አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከጦሩ ከራሱ የመጣው ነው። የአሜሪካ ወታደሮች በፊሊፒንስ ሲዋጉ 38 የሚባለው ሽጉጣቸው አጥቂን አያቆምም ብለው አማረሩ። በ1904 ጆን ቶምፕሰን የተባለ የመሣሪያ መኮንንና ሉዊ ላጋርድ የተባለ ወታደራዊ ሐኪም ቺካጎ በሚገኝ የከብት ማረጃ በሬዎችን፣ ሌላ ቦታም ሬሳዎችን በልዩ ልዩ ጥይት እየመቱ ፈተሹ፤ የጦር ሽጉጥ ከ45 ማነስ የለበትም ብለውም ደመደሙ። ታዲያ ነገሩ በጥናት ተረጋግጦ የለም ወይ? እኔ እንደሚመስለኝ አልተረጋገጠም። የተመቱት ከብቶች ጥቂት ነበሩ፣ ሁሉም እኩል ቦታ ላይ እኩል ብዛት ባለው ጥይት አልተመቱም፤ የተንጠለጠለ ሬሳ መወዛወዙም በሕይወት ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። ከዚህ በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ያው ሪፖርት ሽጉጥ የሚይዙ ወታደሮች አነጣጥሮ መምታትን ያለ ፋታ እንዲለማመዱ አጥብቆ ይመክራል። መቶ ዓመት ሙሉ ሰው የመጀመሪያውን ቃል ሲደጋግም ሁለተኛውን ረሳ። በ1986 ማያሚ ላይ በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ሁለት ባልደረቦቹን ያጣው ኤፍ.ቢ.አይ ጉዳዩን እንደገና መርምሮ በ1989 ባወጣው ጽሑፍ ያለውም ይህንኑ ነው፦ ወሳኙ ጥይቱ የት ገባ፣ ምን ያህልስ ጠልቆ ሄደ የሚለው ነው፤ ሰው የሚወረውር የሽጉጥ ጥይት የለም። መሥሪያ ቤቱ ወደ ወፍራም ጥይት ካዘነበለ በኋላ የኋላ ኋላ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመልሷል።

«እንዲህ ከሆነ ምኑ ይወደዳል?» ቢባል፣ ፍቅሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጦሩ ሽጉጡን ከመቀበሉ በፊት በአንድ ኮልት በሁለት ቀን ውስጥ 6,000 ጥይት አስተኮሰ፤ ብረቱ ሲግል ውኃ ውስጥ እየነከሩ ያበርዱት ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ መስተጓጎሉ አልተመዘገበም፤ ተወዳዳሪው ሳቬጅ 37 ጊዜ ተስተጓጉሏል። ይህ ከማንኛውም የውርወራ ተረት የበለጠ ያስደንቃል። ሌላው፣ ባሩዱ በቀለሃው ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት ከ9 ሚሊ ሜትሩ 60 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ተኳሾች ርግጫውን እንደ ጥፊ ሳይሆን እንደ ገፋ ማድረግ ነው የሚገልጹት። ምላጩም እንደ ብዙዎቹ በችንካር ላይ አይዞርም፤ እንደ መሳቢያ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጣት ሽጉጡን ወደ ጎን የሚጎትትበት ምክንያት ያንሳል። ይህን ሁሉ ሳያይ በአምስት ሜትር ርቀት አንድ ካዝና ጨርሶ «ኃይለኛ ነው» ብሎ የሚሄድ ሰው ሽጉጡን ሞከርኩት ሊል አይገባም።

ደህና ሙከራ ሽጉጡን ከሰውየው በመለየት ይጀምራል። መሣሪያው በአሸዋ ከረጢት ላይ ይደገፋል፣ ዒላማው 25 ሜትር ላይ ይቆማል፣ አምስት ጥይት ተተኩሶ በሁለቱ በጣም የተራራቁ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ይለካል። ከዚያ ያው ሰው ያለ ድጋፍ በእጁ ይተኩሳል። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት የእጅ ነው። ለጥይቱ 25 ሜትር ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይበቃዋል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ማነጣጠሪያው ይህን ያካክሳል። ቀለሃ መውጫው ላይ ከተወተፈ ሽጉጡን ከመውቀስ በፊት አያያዝን ማየት ያስፈልጋል፦ ተንሸራታቹ ብረት ወደ ኋላ ሙሉ መንገዱን የሚሄደው እጁ እንደ ግድግዳ ሲጸናለት ነው፤ ልል እጅ አብሮት እየሄደ ጉልበቱን ይሰርቀዋል። ስለ ጆሮም ልቆጣ፦ ይህ ጥይት ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሚጓዝ የሚሰነጥቅ ጩኸት የለውም፣ ስለዚህም «ለስላሳ ነው» እያሉ ያለ ጆሮ መከላከያ የሚተኩሱ አሉ። ከአፈሙዙ የሚወጣው ፍንዳታ ግን ጆሮን በአንዴ ሊጎዳ ከሚችለው 140 ዴሲቤል ያልፋል። የተለመደው ጥይት ማቀጣጠያ እርሳስ ስላለበትም ከሜዳ ሲወጡ እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ ነውር ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ዘወትር የሚሰማው ነው፦ «ርግጫው ነው ያሳተኝ»። ጥይቱ አፈሙዙን ለቆ ለመውጣት አንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ይበቃዋል፤ ሽጉጡ ወደ ላይ የሚዘለው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት ያለችውን ጥቂት ንቅናቄም ማነጣጠሪያውን ሲያበጁ አስበውባታል። ይህን ለማረጋገጥ ጓደኛ ካዝናውን ይሙላው፣ በጥይቶቹ መሀልም ተኳሹ በማያውቀው ቦታ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ይደባልቅ። ተኳሹ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል፤ በአራተኛው መዶሻው «ቀጭ» ብሎ ይወድቃል፣ ፍንዳታ የለም፣ ርግጫም የለም። አፈሙዙ ግን፣ ምንም ሳይነካው፣ ወደ መሬት ሲያጎነብስ ሁሉም ያየዋል።