ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

በጉራጌ አገር፣ ቡታጅራም ሆነ ወልቂጤ፣ ሰው ሲሞት ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑም ከሙስሊሙ ደጅ ይቀመጣል። ብዙ አጥኚዎች የእድርን አጀማመር ለሥራ አዲስ አበባ ከገቡ ጉራጌዎች ጋር ያያይዙታል። ሐዘንን አብሮ መሸከም ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። የምክር ባለሙያ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ድንኳኑ ከተነሣ፣ አግዳሚውና ሳህኑ ወደ እድሩ ቤት ከተመለሰ፣ ጎረቤትም ወደየጉዳዩ ከሄደ በኋላ።

ቡታጅራ በአእምሮ ጤና ጥናት ስሟ ከአገር አልፎ የሚነሣ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 እዚያ የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀመረ። ከእ.ኤ.አ. 1998 ወዲህ ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለመለየት ከ68,000 በላይ ሰዎች ተጠየቁ። ቀድሞ ታማሚ የሚወሰደው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ኋላ በቡታጅራ ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች የሚመራ አገልግሎት ተጀመረ፤ በአጎራባቹ ሶዶ ወረዳም የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠለጠኑ። ይህ ሁሉ በዋናነት የታሰበው ለከባድ ሕመም ነው። በሩ አንዴ ከተከፈተ ግን ሐዘንተኛም ይገባበታል።

ሲገባም «አዝኛለሁ» ብሎ አይደለም። ባሏ የሞተባትን አንዲት እናት እናስብ። «ራሴን ይወቅረኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ትላለች። ቸኩሎ «ድባቴ ነው» የሚል ባለሙያ እዚያው ያጣታል። የበሰለው የእሷን ቃል ይዞ ይከተላል፦

«እማማ፣ ሆድዎን ባር ባር የሚለው መቼ መቼ ነው?»

«ሲመሽ ነው ልጄ። ሱቁን ዘግቶ በሚመጣበት ሰዓት።»

ሟቹ ወደ ወሬው የገባው በእሷ አፍ ነው፤ ማንም አልጎተተውም።

እምነት የሚገኘው እንዲህ ቀስ በቀስ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ በምስጢር ይለካል። ምክሩን የምትሰጠው ነርስ የጎረቤት ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ነገ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው «እዚህ የነገሩኝ እዚህ ይቀራል» ብላ ለሐዘንተኛዋ ትነግራለች። ወሰኑንም አትደብቅም፤ ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ከሰማች ብቻዋን እንደማትይዘው ታስታውቃለች። ገበያ ላይ ሲገናኙም ሰላምታ ብቻ ነው፤ «ተሻለዎት ወይ?» የለም።

ለቅሶ ቤት ሰው ሲያለቅስ «በቃ፣ አይዞሽ፣ ጽኚ» ይባላል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ እኔ አላጣጥለውም። የምክር ክፍሉ ግን «በቃ» የማይባልበት ቦታ ነው። ባለሙያዋ ዝም ትላለች፤ ዝምታው ሲረዝም መቻል ከሙያው ሁሉ ከባዱ ይመስለኛል። ሐዘኑም በተራ አይሄድም። ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፈቻቸው አምስት ደረጃዎች ሐዘንተኛ ተራ በተራ የሚወጣቸው መሰላል ተደርገው ይወሰዳሉ፤ መነሻቸው ግን ለሞት የተቃረቡ በሽተኞች ነበሩ። ሽትሮበና ስኹት የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ለኑሯችን ይቀርባል፦ ሐዘንተኛ አንዴ ወደ ሟቹ፣ አንዴ ወደ ኑሮው ይመላለሳል። ቀን እንሰት ስትፍቅ የዋለች ሴት ማታ ብታለቅስ ምንም አልተበላሸባትም።

አንድ ጥያቄ ግን አይታለፍም። በእኛ አገር «ምነው እኔን በወሰደኝ!» ማለት የሙሾ ቋንቋ ነው፤ ሁሉም መሞት ፈልጎ አይለውም። ስለሆነም ባለሙያዋ አትገምትም፣ በቀጥታ ትጠይቃለች፦ «ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባም፤ ብዙ ሰው እንዲያውም የሚጠይቀው በማግኘቱ ይተነፍሳል።

የቀጠሮውም አያያዝ የአገሩን ዓመት ማወቅ ይጠይቃል። ለክርስቲያኑ ጉራጌ መስቀል፣ ለሙስሊሙ አረፋ፣ የተበተነው ሁሉ ቤቱ የሚገባበት ነው። ክትፎው በጣባ ቀርቦ፣ ቆጮው ተቆርሶ፣ የአባወራው ቦታ ባዶ ሲሆን የተዳፈነው ሁሉ ይነሣል። ስለዚህ መስቀል ሲቃረብ፣ በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ነርሷ መዝገቧን ገልጣ ትጠይቃለች፦ «እማማ፣ ዘንድሮ በሬውን ማን ይግዛው? ማንስ ይባርከው?» መልሱ ቶሎ ካልመጣ ለመስከረም መጀመሪያ ሌላ ቀጠሮ ትጽፋለች።