ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ኃይል

ከጅቡቲ ወደብ ጭነቱን ተሸክሞ የአፋርን በረሃና የአዋሽን ሸለቆ አቋርጦ ወደ ደጋ የሚወጣው ከባድ መኪና፣ ከነተሳቢው አዳማ ወይም ቃሊቲ ደርሶ ጋራዥ በገባ ጊዜ፣ ሾፌሩ ቁልፉን መልሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ግርግሩ ሁሉ ባንድ አፍታ ጸጥ ስለሚል፣ የሚመለከተው ሰው አደጋው በመንገድ ላይ ቀርቷል ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ለመካኒኩ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በክሪክ የተነሣው ክብደት፣ በጎማው የታመቀው አየር፣ በፍሬኑ ውስጥ ተጨምቆ የታሰረው ሞላ፣ በባትሪው የተከማቸው ኤሌክትሪክ፣ እነዚህ ሁሉ ሞተሩ ቢጠፋም ኃይላቸውን እንደ ያዙ ስለሚቆዩ፣ መፍቻ ከማንሣት በፊት ይህን ስውር ኃይል አንድ በአንድ ፈልጎ ማሳረፍ ወይም ማስወጣት የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ስለ ጋራዥ ደኅንነት የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ሥር የሚበቅል ይመስለኛል።

የዘይት ክሪክ የሚሠራበትን ሕግ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ምዕተ ዓመት ገልጦታል። በጠባብ ቧንቧ የተገፋው ዘይት ሰፊው ፒስተን ሥር በደረሰ ጊዜ ኃይሉ በስፋቱ ልክ ስለሚባዛ፣ የአንድ ሰው ክንድ ብዙ ኩንታል ወደ ላይ ያነሣል። ይህ ድንቅ ጥበብ ነው። ሆኖም ያን ሁሉ ክብደት በመጨረሻ ይዞት የሚቆየው አንድ ቀጭን የጎሚኒ ቀለበት ስለ ሆነ፣ ጎሚኒው ያረጀ ወይም አሸዋ የፋቀው እንደ ሆነ ዘይቱ አንዳንዴ በዝግታ፣ አንዳንዴም ባንድ ጊዜ ይሸሻል። ክሪክ እንግዲህ ለማንሣት እንጂ ለመሸከም አልተሠራም፤ የተነሣው መኪና በሻንሲው ወይም በአክስሉ ሥር በሁለት ወገን በቆመ የብረት ድጋፍ ላይ ማረፍ፣ መሬት የቀሩት ጎማዎችም ከፊትና ከኋላ በታኮ መያዝ አለባቸው። በድጋፉ ፈንታ ብሎኬት የሚደረድሩ ሰዎች አሉ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ እንደ እንጨት ሲጨነቅ እየጮኸ አያስጠነቅቅም፣ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ጸንቶ የቆመ መስሎ ባንድ ጊዜ ይፈርሳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የገልባጭ መኪና አደጋ ነው፤ እዚያ መካኒኩ ክብደቱን በራሱ ላይ የሚያወርደው በገዛ እጁ ነውና። አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሰው ገልባጭ የዘይት ቱቦው ያንጠባጠበ ጊዜ ካሶኔው ወደ ሰማይ ይነሣል፤ ሠራተኛውም በካሶኔውና በሻንሲው መካከል ደረቱን አስገብቶ የሚያንጠባጥበውን ቱቦ ይፈታ ዘንድ መፍቻውን ያያይዛል። ያን ካሶኔ ወደ ላይ ይዞት ያለው ሌላ ነገር ሳይሆን በዚያው ቱቦ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ብሎኑ ጥቂት ዞር ባለ ጊዜ ዘይቱ ፈንጥቆ ይወጣል፣ ካሶኔውም ይወርዳል፤ ለመሸሽ ጊዜ አይገኝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካሶኔው ባዶውን ይነሣል፣ ለዚሁ የተሠራው የብረት ምርኩዝ ይቆምለታል፣ ከዚያም ካሶኔው ጥቂት ዝቅ ብሎ በምርኩዙ ላይ ከተኛ በኋላ ብቻ ወደ ቱቦው መቅረብ ይገባል። የመኪናው ቁልፍ በዚያ ሰዓት ከመካኒኩ ኪስ መለየት የለበትም።

ስለ ጎማም ልናገር። የቤት መኪና ጎማ ከ2 እስከ 3 ባር በሚደርስ አየር ሲረካ፣ የከባድ መኪናው 8 ባር ያህል ይፈልጋል፤ ስፋቱም በዚያው ልክ ነው። ቀለበት ባለው ቸርኬ ላይ ቀለበቱ በቦታው በደንብ ካልገባ፣ አየሩ እየሞላ ሲሄድ ተወንጭፎ ይወጣል፤ በመንገዱም ላይ ያገኘውን ሰው በሕይወት መተዉ ያጠራጥራል። በአሜሪካ መንግሥት በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ እንዲህ ያለው ጎማ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ እንዲነፋ የታዘዘው ስለዚህ ነው። ጎሚስታው በጎማው ላይ አጎንብሶ፣ ባንድ እጁ አየር እየሞላ በሌላው ቀለበቱን በመዶሻ የሚመታ ከሆነ፣ ቶሎ ሊያስቆመው የሚገባው ባለንብረቱ ወይም ሾፌሩ ነው። አየር አልቆበት ረጅም መንገድ የተነዳ ጎማም የውስጥ ሽቦው ስለሚደክም፣ ሳይፈታና ሳይመረመር እንደገና መነፋት የለበትም።

የከባድ መኪናው የእጅ ፍሬን ሞላ የአንድ ቶን ያህል ኃይል ይዞ በብረት ጣሳ ውስጥ ስለሚኖር፣ በማሰሪያ ብሎኑ ሳይታሰር ጣሳው አይከፈትም። የባትሪው ገመድ አስቀድሞ ከኔጌቲቩ ወገን ይፈታል፤ የጣት ቀለበትም ይወልቃል። ባዶ የነዳጅ ታንክ ከሞላው ይልቅ ለብየዳ የሚያስፈራ ነው፤ ባዶ የተባለው በትነት የተሞላ ነውና።

ኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው የተወ ሰው በውስጡ ለወደቀው በሬ ወይም አህያ ዋጋ ይከፍል ዘንድ ያዝዛል። ለእንስሳ ይህን ያህል የታሰበ ከሆነ፣ በጋራዡ ጉድጓድ ለሚወርደው ሰብአዊ ፍጡርማ እንዴት ይልቅ ሊታሰብ አይገባም! ከአየር የከበደው የቤንዚን ትነት በዚያ ጉድጓድ ስለሚከማች፣ ዕቃ በቤንዚን ማጠብም ሆነ ሲጋራ መለኮስ በአጠገቡ የተከለከለ ሊሆን ይገባል። አደጋ በደረሰ ጊዜ «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት ልማዳችን ነው፤ ድጋፍ ሳያቆሙ ሰውን ከመኪና ሥር መስደድ ግን ፈጣሪን መፈታተን ነው እንጂ እምነት አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል፤ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፣ ዕድሜው 18 ያልሞላውንም ከአደገኛ ሥራ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ በብዙ ጋራዥ ወደ ጠባቡ ሥፍራ ተሽሎክልኮ እንዲገባ የሚላከው፣ ሰውነቱ ቀጭን ነው እየተባለ፣ ከሁሉ ታናሹ ተለማማጅ ነው። እርሱ ስለ ጎሚኒውም ሆነ ስለ ሞላው ገና ያልተማረ፣ ጌታውን ለመጠየቅም የሚፈራ ነው። ሙያውን የሚያስተምረው ሰው ታኮውንና ድጋፉን በገዛ እጁ አስቀምጦ፣ መኪናውን ከውጭ ገፍቶ አለመነቃነቁን ካረጋገጠ በኋላ፣ በመጀመሪያ ራሱ ይግባ፤ ልጁም ቆሞ ይመልከት።