ገበያ ወጥቶ ስለ መከራከር



ስለ ገበያ የዋጋ ክርክር ያለኝን ጥቂት ሐሳብ በዚህ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለመንግሥት ሥራ ከከተማ ወደ ገጠር የሚመላለሰውን ሁሉ የሚነካ ነው።

ለጉብኝት ወይም ለስብሰባ ወደ ምዕራብ ጎጃም የሚመጣ ሠራተኛ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ አይመለስም። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገበያ ዛላ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ማር ወይም ዶሮ ይገዛል። ይህ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። የሚያስነቅፈው አንዳንዱ የሚገዛበት መንገድ ነው።

ክርክር ራሱ ነውር አይደለም። አባቶቻችን በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ይገበያዩ በነበረበት ዘመን፣ አሞሌው ከአፋር ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ስለ ነበረ፣ ጠገራውም በእጅ እየተገላበጠ ይመረመር ስለ ነበረ፣ ያለ ክርክር መገበያየት አይቻልም ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ገንዘቡ አንድ ሆነ፤ የዕቃው ዋጋ ግን እንደ ቀድሞው በሻጭና በገዢ አንደበት መወሰኑን አልተወም። ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ በሚነሣባት በቡሬም ቢሆን እስከ ዛሬ የገበያው ወግ ይኸው ነው።

በአውሮፓም ጥንት እንዲሁ ነበር። በእነርሱ አቆጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች፣ ከፍ አድርጎ ጠርቶ ዝቅ አድርጎ መሸጥ ሐሰት መናገር ነው ብለው፣ ለልጅም ለዐዋቂም አንድ ዋጋ መጥራት ጀመሩ። በ19ኛው መቶ ዓመትም በፓሪስ ቦን ማርሼ የተባለው ትልቅ መደብር የተቆረጠ ዋጋ በየዕቃው ላይ መለጠፍን አስለመደ። ስለዚህ የአገራችን ሰው ለትምህርት አውሮፓ ሲሄድ የተለጠፈውን አይቶ ዝም ብሎ ይከፍላል። በካይሮ ኻን አል ኸሊሊ ገበያ ሲገባ ደግሞ ይከራከራል፤ ነጋዴው እንግድነቱን አይቶ ዋጋውን እንደሚያንርበት ያውቃልና። ይህም ተገቢ ነው፤ ሁለቱም በልተው ያደሩ ሰዎች ናቸው።

በእኛ ገበያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ሁለት ዶሮ ታቅፋ ረጅም መንገድ በእግሯ ከመጣች እናት ጋር ነው። ባለፈው ዓመት በቡሬ ያየሁትን ልናገር። አንድ መልካም ልብስ የለበሰ እንግዳ አንዲት ቅቤ ሻጭ ዘንድ ቀርቦ ዋጋ ጠየቀ። ነገረችው። ቀምሶ «ይህ ሙዝ የተቀላቀለበት ነው» አላት፤ የጠራችውንም እኩሌታ ሰጥቶ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ፤ አሁንም ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ደመናውም ከብዶ ነበርና፣ ሴትዮዋ ወደ መንገዷ አየት አድርጋ «በል ጌታው፣ ውሰደው፤ ልጄ ደብተር ትጠብቀኛለች» አለችው። እርሱም ገዝቶ ለባልንጀሮቹ እየሳቀ አወራላቸው። ቅቤው ሙዝ የተቀላቀለበት ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ ባልተመላለሰ ነበር።

እኔ መምህር ነኝና ያ ደብተር ምን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። በማስተምርበት ክፍል በአንድ ደብተር ከፊት ጂኦግራፊ፣ ከኋላ ሒሳብ የሚጽፉ ልጆች አሉ። ሁለቱ ትምህርቶች መኻል ላይ ሲገናኙ ልጁ መጻፍ አቁሞ ማዳመጥ ብቻ ይጀምራል። በገበያ ቀንም የአንዳንዱ ልጅ ወንበር ባዶ ይውላል፤ እናቱን ሸክም ሊያግዝ ሄዷልና።

«የእኛስ ደመወዝ የተቆረጠ አይደለምን?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ እኔም በዚያው ደመወዝ የማድር ነኝ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ኑሮው እንዴት እንደ ከበደ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ገበሬውም ጨውና ሳሙናውን የሚገዛው በዚያው ብር ነው። ማዳበሪያውንም በተቆረጠለት ዋጋ ይከፍላል እንጂ «ቀንሱልኝ» የሚልበት ስፍራ የለውም። ሲገዛ የማይከራከር ሰው ሲሸጥ ብቻ ቢከራከሩት ሚዛኑ ወዴት ያዘነብላል?

ሕጋችንም ይህን አልዘነጋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1710፣ አንዱ ወገን ስለ ተጠቀመ ብቻ ውል እንደማይፈርስ ከደነገገ በኋላ፣ የሌላውን ችግር ወይም የዋህነት መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ ግን ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉን ሊያስፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ስለ አንድ ኪሎ ቅቤ ማንም ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ሆኖም የሕጉ መንፈስ በገበያም ሊከበር ይገባል።

እንግዲህ ክርክር ይቅር አልልም፤ ወግ ይኑረው እላለሁ። ገዢ ማልዶ ወጥቶ ከሁለት ከሦስት ሻጮች የዕለቱን ዋጋ ይጠይቅ፤ መስፈሪያው ቁና ይሁን ጣሳ ወይም ኪሎ አስቀድሞ ይወቅ። ሊገዛ ካልፈለገ ዋጋ አይስጥ፤ የሰጠውንም ዋጋ ሻጩ ከተቀበለው ቃሉን አይጠፍ። የሰውን ዕቃ አያጥላላ። ክራቫት አይቶ ዋጋ ከሚያንረው ነጋዴ ጋር እንደ ልቡ ይከራከር፤ ከባላገሯ ጋር ግን ጥቂት ተነጋግሮ «መርቂልኝ» ቢላት፣ እርሷም ደስ ብሏት አንድ እፍኝ ትጨምርለታለች። ከሁሉ በላይ ምሽቱንና ዝናቡን የክርክሩ አጋዥ አያድርግ።

በክርክር የምናተርፈው ጥቂት ብር በእኛ ቤት እስከ ማግስቱ አይቆይም። በእርሷ ቤት ግን የአንድ ልጅ ደብተር ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከፍኖተ ሰላም